ከፓይሉ ጫፍ በታች ምን አለ? በደካማ አፈር ላይ ረጅም ሕንፃ ስለ ማቆም

ስለ አንድ ረጅም ሕንፃ መሠረት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ፓይል አለው?» የሚል ነው፤ ፓይል የሕንፃውን ክብደት ወደ ጥልቅ አፈር የሚያወርድ፣ በመሬት ውስጥ የሚተከል ረጅም ምሰሶ ነው። ቀጥሎም «ስንት ሜትር ወረደ?» ይባላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን ብቻቸውን ሕንፃው ይቆማል ወይስ ይሰምጣል የሚለውን አይመልሱም። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሌኒየም ታወር 58 ፎቅና 197 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ከሥሩ 950 ያህል ፓይሎች ነበሩት፤ በእነሱም ላይ 3 ሜትር ውፍረት ያለው ራፍት፣ ማለትም አንድ ወጥ የኮንክሪት ንጣፍ፣ ተነጥፏል። በ2009 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በ2016 ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ መስመጡና ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ በይፋ ታወቀ። በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ይሰምጣል ተብሎ የተገመተው ከ15 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነበር።

የፓይሎቹ ጫፍ ያረፈው ከ18 እስከ 27 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለ ጥቅጥቅ ያለ የአሸዋ ንብር ላይ ነው። አሸዋው ጠንካራ ነበር። ከአሸዋው በታች ግን በአካባቢው «አሮጌው የባሕረ ሰላጤ ሸክላ» የሚባል ወፍራም የሸክላ ንብር አለ፤ ዓለቱ የሚገኘው ደግሞ ከ60 ሜትር በታች ወርዶ ነው። የሕንፃው ክብደት በፓይሎቹ በኩል ወደ አሸዋው ተላለፈ፣ አሸዋውም ለሸክላው አቀበለ። አይብ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲጨመቅ ውሃው ቀስ እያለ እንደሚወጣ ሸክላም ውሃውን የሚለቀው በዓመታት ነው፤ ውሃው በወጣ ቁጥር አፈሩ ይሳሳል፣ ሕንፃውም አብሮ ይወርዳል። በአቅራቢያው ለሌላ ግንባታ ሲባል የተደረገው ጥልቅ ቁፋሮና የከርሰ ምድር ውሃ ማውጣት ለመስመጡ ምን ያህል አስተዋጽኦ አድርጓል በሚለው ላይ ግራ ቀኙ ዓመታት ተከራክሯል። አፈሩ ግን የነበረው እዚያው ነው።

አንድ ፓይል ብቻውን ሲፈተን የሚነካው አፈር ከጫፉ በታች ጥቂት ሜትር ያህል ነው። መቶ ፓይል ጎን ለጎን ሲጫን ግን እያንዳንዱ የሚፈጥረው ግፊት ከጎረቤቱ ጋር ይደራረብና ሁሉም እንደ አንድ ግዙፍ ብሎክ ይሠራሉ። የዚህ ብሎክ ግፊት ከጫፉ በታች የሕንፃውን ስፋት ያህል ይወርዳል፤ 30 ሜትር ስፋት ያለው ሕንፃ ከፓይሎቹ ጫፍ በታች ሌላ 30 ሜትር አፈር ይጫናል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ፓይል በፈተና 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ወረደ ብሎ መርካት አደገኛ ነው። ያው ፓይል በቡድን ውስጥ ሲሆን የዚያን ብዙ እጥፍ ሊወርድ ይችላል፤ የምሥራቹም ሆነ የመርዶው ምንጭ ከጫፉ በታች ያለው ንብር ነው።

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ደርሷል፤ ከ20 እና ከ30 ፎቅ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች፣ ከሥራቸው ሦስትና አራት ቤዝመንት እየያዙ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ይቆማሉ። የከተማዋ መሬት ደግሞ ወጥ አይደለም። በሰሜን በኩል፣ ወደ እንጦጦ፣ ቀይ የሸክላ አፈርና ከሥሩ የበሰበሰ ዓለት ይበዛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወረድ ጥቁሩ መረሬ ወፍሮ ይገኛል። በመካከሉ ስንጥቆች አሉ፤ የፍልውሃው ሙቅ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣውም በእንዲህ ያለ ስንጥቅ ነው።

ስለ መረሬ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እርጥብ ሲሆን የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር የአንድና የሁለት ፎቅ ቤት፣ የአጥርና የመንገድ ጠላት ነው። ሦስት ቤዝመንት ያለው ታወር ግን አብዛኛውን ጊዜ መረሬውን ቆፍሮ ያወጣዋል። ስለዚህ የታወሩ ዋና ሥጋት መረሬው አይደለም፤ መረሬው የሚያስቸግረው በዙሪያው ያሉትን ነው፤ የቤዝመንቱን ግድግዳ በእብጠቱ ይገፋል፣ የመኪና መግቢያውን ራምፕ ያነሳል፣ የጥበቃ ቤቱን ይሰነጥቃል። እነዚህ ቦታዎች መረሬው ተነሥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት፤ ገረጋንቲውም በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ንብር እየተጠቀጠቀ እንጂ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ አይደለም።

የአዲስ አበባ ትልቁ ወጥመድ ሌላ ነው። ከተማዋ የተመሠረተችው በተለያየ ዘመን በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ላይ ነው። አንዱ ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ለረጅም ዘመን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ላዩ ወደ አፈርነት ተለውጧል፤ ከዚያ ሌላ ፈስሶ አፈሩን ከላዩ ሸፍኖታል። ውጤቱ ድንጋይ፣ አፈር፣ እንደገና ድንጋይ፣ ቀጥሎ አመድ መሰል ለስላሳ ንብር ነው። ቆፋሪው 14 ሜትር ላይ ጠንካራ ባዛልት ሲያገኝ «ዓለት ደርሰናል» ብሎ ያቆማል። ባዛልቱ 3 ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሆኖ ከሥሩ 8 ሜትር የበሰበሰ ሸክላ ቢኖርስ? የሚሌኒየም ታወር ታሪክ በትንሹ ይደገማል። የሚቀየረው፣ በአሸዋው ቦታ ባዛልት መተካቱ ብቻ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የተገኘው ዓለት ሳይሆን በአፈር ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ቋጥኝ ይሆናል።

መፍትሔው አንድ ነው፤ በበቂ ሁኔታ መቆፈር። በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ የመሠረት ክፍሉን የወሰደው ከአውሮፓው ኮድ ነው፤ በዚያ መመሪያ መሠረት ለረጃጅም ሕንፃዎች የምርመራ ጉድጓዶች ርቀት ከ15 እስከ 40 ሜትር ነው። ጥልቀቱ ደግሞ ፓይል በሚሆንበት ጊዜ ከፓይሉ ጫፍ በታች ከሚከተሉት ከሦስቱ ትልቁን ያህል ይወርዳል፤ የፓይሉ ቡድን ጠባብ ጎን፣ 5 ሜትር፣ የፓይሉ ዲያሜትር ሦስት እጥፍ። ወጥና ጠንካራ ዓለት መኖሩ በጂኦሎጂው ከተረጋገጠ መቀነስ ይቻላል፤ «ከተረጋገጠ» የምትለዋ ቃል ግን መዘለል የለባትም። በተደራረበ የእሳተ ገሞራ መሬት ላይ ማረጋገጫው ዓለቱን ዘልቆ ኮር፣ ማለትም በትር መሰል የድንጋይ ናሙና፣ እያወጡ መቆፈር ነው።

ባለቤቶች ሪፖርት ሲቀበሉ የመደምደሚያውን ቁጥር ብቻ አይተው ይዘጉታል። ሊያዩት የሚገባው የኮር ሳጥኑን ፎቶ ነው። በእያንዳንዱ 1.5 ሜትር ቁፋሮ ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ኮር ወጣ? ከዚያ ውስጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጮች ስንት በመቶ ናቸው? ኮር ሳይወጣ የቀረበት ክፍተት ባዶ አይደለም፤ ለስላሳው ነገር ያለው እዚያ ነው፤ ውሃው አጥቦ ስለወሰደው ሳጥኑ ውስጥ አይታይም። በሪፖርቱ ላይ «ኮር አልተገኘም» ተብሎ የታለፈው 2 ሜትር ብዙ ጊዜ ከተገኘው 10 ሜትር የበለጠ ይናገራል። የአፈር ምርመራ ከሕንፃው ጠቅላላ ወጪ አንፃር እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ሳለ ዋጋ የሚቀነስበት የመጀመሪያው ሥራ መሆኑ ያሳዝናል።

ዲዛይኑ እንዴት እንደሚያስብ በቁጥር እንየው። ከምድር በላይ 30 ፎቅ፣ ከምድር በታች 3 ቤዝመንት፣ 30 በ30 ሜትር ወለል ያለው የኮንክሪት ሕንፃ እንውሰድ። አንድ ፎቅ ከነአገልግሎቱ በካሬ ሜትር 1.2 ቶን ገደማ ይመዝናል። 33ቱ ሲደመሩ በካሬ ሜትር 40 ቶን፣ በጠቅላላው 36 ሺህ ቶን ያህል ይሆናል። 2.5 ሜትር ውፍረት ያለው ራፍት 5,600 ቶን ይጨምራል። ድምሩ 41,600 ቶን ነው፤ በካሬ ሜትር 46 ቶን።

ለቤዝመንቱ 12 ሜትር ሲቆፈር በካሬ ሜትር 20 ቶን አፈር ወጥቷል። አፈሩ ከዚህ በፊት ይህን ያህል ተሸክሞ ኖሯል፤ ስለዚህ አዲስ የሚጨመርበት 26 ቶን ብቻ ነው። ቤዝመንት ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን ለመሠረትም ይጠቅማል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከራፍቱ በታች 25 ሜትር ያህል መካከለኛ ጠንካራ ሸክላ አለ፣ ከዚያ በታች የተሰነጣጠቀ ዓለት ይገኛል እንበል። ሕንፃው በራፍት ብቻ ቢቀመጥ አፈሩ የመሸከም ደህንነቱ ይጎድላል፤ ይህም ባይሆን መስመጡ 20 ሴንቲ ሜትርን በቀላሉ ያልፋል። ሁሉም ቦታ እኩል ቢሰምጥ ቧንቧና መግቢያ ከማበላሸት አያልፍም ነበር፤ ግን እኩል አይሰምጥም። በሁለት ዓምዶች መካከል ያለው የመስመጥ ልዩነት ከርቀታቸው አንድ አምስት መቶኛ እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ በ8 ሜትር ርቀት 16 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ፓይል ያስፈልጋል።

ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሜትር የሆነ ፓይል በሸክላው ውስጥ ብቻ ቢቀር ምን ይሸከማል? የጎኑ ገጽ 78 ካሬ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር 5 ቶን ሰበቃ ብንወስድ 390 ቶን ይሆናል። ጫፉ 106 ቶን ይጨምራል። ድምሩ 500 ቶን ገደማ ነው፤ ለደህንነት በ2.5 ሲካፈል 200 ቶን። 41,600 ለ200 ሲካፈል 208 ፓይል ይወጣል። ፓይሎች ደግሞ ከመሐል እስከ መሐል ከዲያሜትራቸው ሦስት እጥፍ ካልተራራቁ አንዱ የሌላውን አፈር ይሻማል፤ እያንዳንዱ 9 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። በ900 ካሬ ሜትር ላይ የሚገባው 100 ብቻ ነው። 208 አይገባም። አንዳንድ ዲዛይን እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ርቀቱን ያጠብና ቁጥሩን ያስገባል። በወረቀት ላይ ጭነቱ ተመጣጥኗል፤ በመሬት ውስጥ ግን አንድ ብሎክ ተፈጥሯል።

ትክክለኛው መንገድ ፓይሉን 4 ሜትር ወደ ዓለቱ ማስገባት ነው። ዓለቱ ደካማ ቢሆንም፣ በካሬ ሜትር 45 ቶን የጎን ሰበቃ የሚሰጥ ቢሆን፣ በ4 ሜትር ውስጥ 565 ቶን ይገኛል። ከሸክላው ሰበቃ ጋር 955 ቶን ይሆናል፤ የጫፉን ሆን ብለን ትተነዋል። በ2.5 ሲካፈል 380 ቶን፤ 110 ገደማ ፓይል ይበቃል፤ 10 በ11 ረድፍ ሆኖ በ3 ሜትር ርቀት ከራፍቱ ጠርዝ ትንሽ ማስፋት ብቻ ይጠይቃል። 29 ሜትር የሚረዝሙ 110 ፓይሎች 2,500 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይበላሉ። ይህ ስሌት መነሻ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ንፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ የጠርዝ ፓይሎችን ከመሐሉ ይልቅ ይጫናሉ፣ የመሐሎቹ ደግሞ ይበልጥ ይሰምጣሉ፣ ራፍቱ በሁለቱ መካከል ይታጠፋል። ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል፤ ከላይ ያለው የእጅ ስሌት ግን ኮምፒውተሩ የማይረባ ነገር ሲናገር ለመያዝ ይጠቅማል።

የጫፉን አቅም የተውነው ለምንድን ነው? ቦር ፓይል (ጉድጓድ ተቆፍሮ በኮንክሪት የሚሞላው ዓይነት) ሲቆፈር ከሥሩ ደለል ይቀራል። 10 ሴንቲ ሜትር ጭቃ ከጫፉ ሥር ካለ ጫፉ መሥራት የሚጀምረው ፓይሉ ያን ጭቃ ከጨመቀ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ሕንፃው ሊታገሠው ከሚችለው መስመጥ ይበልጣል። ጎኑ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ሙሉ ሰበቃውን ይሰጣል። የዓለማችን ረጅሙ ሕንፃ ቡርጅ ከሊፋም በዋናነት የተደገፈው በዚሁ የጎን ሰበቃ ነው፤ 3.7 ሜትር ውፍረት ካለው ራፍት ሥር ከ190 በላይ፣ ዲያሜትራቸው 1.5 ሜትር የሆነ ፓይሎች 43 ሜትር ያህል ወርደዋል፤ ያረፉትም በደካማ ዓለት ውስጥ ነው። በዱባይ ጠንካራ ዓለት ፍለጋ መቶ ሜትር መውረድ አላስፈለገም፤ ደካማውን ዓለት በትክክል ማወቅ በቂ ነበር። በኩዋላ ላምፑር ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። የፔትሮናስ መንትያ ሕንፃዎች ቦታ ሲመረመር አንዱ ወገን በዋሻ የተቦረቦረ የኖራ ድንጋይ ላይ መሆኑ ታየ፤ ሕንፃዎቹ 60 ሜትር ያህል ከመጀመሪያው ቦታቸው ተዛወሩ፣ መሠረታቸውም እስከ 114 ሜትር ወረደ። ቦታ ማዛወር የመሠረት ዲዛይን አካል ነው፤ በወረቀት ላይ ሳለ ዋጋው ቀላል ነው።

አፈሩ ራሱ እየሰመጠ ያለበት ቦታ ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። በሜክሲኮ ሲቲ የከርሰ ምድር ውሃ ለዘመናት ሲቀዳ የሐይቁ ሸክላ ወረደ። በ1910 እ.ኤ.አ. በፓይል ላይ የቆመው የነጻነት ሐውልት ግን ባለበት ቀረ፤ ከተማው ከሥሩ ስለ ሸሸ 14 የደረጃ እርከኖች ተጨምረውለታል። እንዲህ ባለ ቦታ አፈሩ ፓይሉን መደገፉን ትቶ ወደ ታች ይጎትተዋል። በእኛ አገር ይህ የሚያጋጥመው ቆሻሻና ፍርስራሽ ተደፍቶ የተደለደለ ወንዝ ዳር ላይ ነው፤ በአዲስ ሙሌት በኩል የሚያልፈው የፓይል ክፍል እንደ ድጋፍ ሳይሆን እንደ ጭነት መቆጠር አለበት። 6 ሜትር ሙሌት በካሬ ሜትር 2 ቶን ቢጎትት 1 ሜትር ዲያሜትር ባለው ፓይል ላይ 38 ቶን ይጨምራል።

ዲዛይኑ የቱንም ያህል ቢያምር ፓይሉ የሚሠራው ወይም የሚበላሸው በአንድ ቀን ውስጥ ነው፤ ከተቀበረ በኋላ አይታይም። ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ኬዚንግ (የብረት ቱቦ) ይገባል፤ የላዩን ልቅ አፈር ይይዛል። ከዚያ ሪጉ (የመቆፈሪያው ማሽን) ይቆፍራል፤ ግድግዳው እንዳይናድ ጉድጓዱ ቤንቶናይት ከተባለ ሸክላ በተሠራ ጭቃ እንደ ተሞላ ይቆያል። የጭቃው ከፍታ ከከርሰ ምድር ውሃው ሁልጊዜ ቢያንስ 1.5 ሜትር መብለጥ አለበት፤ ከወረደ ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ግድግዳው ይናዳል። በተሰነጣጠቀ ባዛልት ውስጥ ጭቃው በድንገት ሊያመልጥ ስለሚችል ተጠባባቂ ጭቃ በታንከር መኖር አለበት።

ዓለት ሲደረስ የሚወጣውን ፍርፋሪ ጂኦሎጂስቱ በዓይኑ አይቶ ከምርመራ ጉድጓዱ ኮር ጋር ያመሳክራል። የሪጉ ፍጥነት መቀነስ ብቻውን ዓለት መድረስን አያረጋግጥም፤ የደነዘዘ ጥርስም ፍጥነት ይቀንሳል። አራቱ ሜትር የሚቆጠረው ዓለቱ ከተረጋገጠበት እንጂ በሥዕሉ ላይ ከተጻፈበት ጥልቀት አይደለም። ቀጥሎ የጉድጓዱ ሥር ይጸዳል፤ ጥልቀቱ ክብደት በታሰረበት ሜትር ይለካል፣ ኬጁ (የፌሮው ቅርጫት) ከገባ በኋላ እንደገና ይለካል። ሁለቱ ከተለያዩ ልዩነቱ ደለል ነው። ከኮንክሪት በፊት በጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ከ4 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ካልሆነ አሸዋው በኮንክሪቱ ላይ ይቀመጥና ፓይሉ ውስጥ ኪስ ይሠራል።

በኬጁ ላይ የተለመደው ጥፋት ፌሮ ማብዛት ነው። በፌሮዎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከሌለ ኮንክሪቱ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ሽፋኑ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ፌሮውን በግማሽ ጥልቀት ማቋረጥ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ፓይል የሚታጠፈው በሁለት ቦታ ነው፤ ራፍቱ ሥር እና ለስላሳው አፈር ጠንካራውን በሚገናኝበት ድንበር ላይ። ስለዚህ ስፓይራሉ (በቁም ፌሮዎቹ ዙሪያ የሚጠመጠመው ፌሮ) ከፓይሉ ራስ በታች እስከ ሁለት ዲያሜትር፣ በድንበሩም ላይና ታች እንዲሁ ሁለት ሁለት ዲያሜትር ተቀራርቦ መጠምጠም አለበት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት ተደጋጋሚ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል፤ ይህን ዝርዝር ለማለፍ ሰበብ የለም።

ኮንክሪቱ የሚወርደው በትሬሚ ቧንቧ ነው። ከላይ አይደፋም፤ ቧንቧው ሥሩ ድረስ ገብቶ ኮንክሪቱ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ጭቃውን ይገፋል። ስላምፑ (የኮንክሪቱን ቅጥነት የሚያሳየው ልክ) ከ18 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የቧንቧው አፍ ከኮንክሪቱ ውስጥ ከ1.5 ሜትር ያላነሰ ተቀብሮ መቆየት አለበት፤ አንዴ ከወጣ ጭቃ ይገባል፣ ፓይሉ ለሁለት ይቆረጣል። ቧንቧውን ከሚገባው በላይ ቀብሮ መተውም ኮንክሪቱ እንዳይፈስ ያደርጋል፤ ሠራተኛው በድንጋጤ ይመዝዘዋል፣ ያው ጥፋት ይደርሳል።

የእኛ ፓይል 23 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል፤ ሦስት ወይም አራት ሚክሰር። በአዲስ አበባ ትራፊክና በከባድ መኪና የሰዓት ገደብ ምክንያት ሁለተኛው ሚክሰር መንገድ ላይ ቢቀር የመጀመሪያው መጠንከር ይጀምራል። ስለዚህ ሁሉም ሚክሰሮች በቅርብ ሳይደርሱ መጀመር አይገባም። እያንዳንዱ ሚክሰር ሲያልቅ የኮንክሪቱ ከፍታ ይለካና ከስሌቱ ጋር ይመዘገባል። ከተሰላው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ መብላቱ የተለመደ ነው። ከተሰላው ካነሰ ግን ግድግዳው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ፓይሉ በዚያ ቦታ እንደ አንገት ቀጥኗል ማለት ነው። ይህ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚሞላ መዝገብ ከማንኛውም ውድ ፈተና በፊት ችግሩን ይናገራል። መጨረሻ ላይ ኮንክሪቱ ከሚፈለገው ከፍታ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ያልፋል፤ ከጭቃ ጋር የተቀላቀለው ራስ በኋላ ተፈልፍሎ ይጣላል።

ፈተናን በተመለከተ፣ በትንሽ መዶሻ ራሱን መትቶ የድምፁን ማስተጋባት ማንበብ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከዲያሜትሩ 30 እጥፍ ጥልቀት ካለፈ በኋላ ግን ብዙም አይታመንም፣ ትንንሽ ጉድለትም ያልፈዋል። ለረጅም ሕንፃ ኬጁ ላይ ሦስት ወይም አራት የብረት ቱቦ ታስሮ በቱቦዎቹ መካከል የድምፅ ሞገድ የሚያልፍበት ፈተና ይሻላል፤ ቱቦዎቹ ግን ከኮንክሪት በፊት መታሰር ስላለባቸው ውሳኔው ቀድሞ ይወሰናል። የመሸከም አቅም የሚረጋገጠው በጭነት ፈተና ነው። የእኛን ፓይል በ2.5 እጥፍ ለመጫን 950 ቶን ያስፈልጋል፤ በአንድ ሜትር ኩብ የኮንክሪት ብሎክ ቢደረደር 400 ገደማ ብሎክ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ በፓይሉ ውስጥ ጃክ ቀብሮ የላዩን ክፍል ወደ ላይ፣ የታቹን ወደ ታች የሚገፋው የኦስተርበርግ ሴል ዘዴ ቦታ ለጠበበበት ከተማ ይመቻል። ዋናው ነገር ፈተናው ዋናዎቹ ፓይሎች ከመቆፈራቸው በፊት መደረጉ ነው፤ 60 ፓይል ካለቀ በኋላ የሚመጣ መጥፎ ውጤት ማንም ሊሰማው የማይፈልግ ዜና ይሆናል።

የቤዝመንቱ ቁፋሮ የራሱ አደጋ አለው። በሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ 13 ፎቅ ያለው አዲስ ሕንፃ እንዳለ ተገንድሶ በጎኑ ተኛ፤ አንድ ሠራተኛ ሞተ። በአንድ ወገን ለመኪና ማቆሚያ 4.6 ሜትር ተቆፍሮ ነበር፣ ከዚያ የወጣው አፈር ደግሞ በሌላው ወገን እስከ 10 ሜትር ተቆልሎ ነበር። ቁልሉ አፈሩን በሕንፃው ሥር ወደ ጉድጓዱ ገፋው፤ ፓይሎቹ ለቁም ጭነት እንጂ ለጎን ግፊት ስላልተሠሩ ተቀነጠሱ። የተቆፈረን አፈር ከጉድጓድ ጠርዝ ወይም ከጎረቤት ግንብ አጠገብ መቆለል አዲስ አበባ ውስጥ የሚታይ ልማድ ነው፤ ክረምት ሲገባ ክብደቱ ይጨምራል።

ውሃም ሕንፃን ያነሳል። የእኛ ሕንፃ ሥር 12 ሜትር ላይ ሆኖ ውሃው ከምድር 3 ሜትር ቢገኝ፣ ከራፍቱ በታች ያለው ግፊት በካሬ ሜትር 9 ቶን ነው። ራፍቱ የሚመዝነው 6.25 ቶን ብቻ ነው። አንድ ፎቅ ያለ ዕቃና ያለ ሰው 0.9 ቶን ቢመዝን፣ ቢያንስ አራት ወለል እስኪጨመር ድረስ ፓምፑ መቆም የለበትም፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተርም ቦታው ላይ ይኑር። በጀት አልቆ ሥራው በቤዝመንት ላይ የቆመ ሕንፃ ለዚህ አደጋ ተጋልጦ ነው የሚከርመው።

የመጨረሻው ጉዳይ ታወሩ ከጎኑ ካለው ዝቅተኛ ክፍል ጋር የሚገናኝበት ነው። 30 ፎቁ 5 ሴንቲ ሜትር፣ አራት ፎቁ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ በመካከላቸው ያለው ወለል ይቀደዳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል 1 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሰንጥቅ ክፍት ሆኖ ይቆይና ታወሩ አብዛኛውን መስመጡን ከጨረሰ በኋላ ይሞላል። መቼ እንደሚሞላ የሚወስነው የሕንፃው ማስረከቢያ ቀን ሳይሆን የመስመጥ ልኬት ነው። ራፍቱ ከፈሰሰበት ቀን ጀምሮ በዓምዶች ላይ የናስ ነጥብ ይቀመጣል፤ ከግንባታው ርቆ በዓለት ላይ ከተተከለ ቋሚ ነጥብ አንፃር በየሁለት ፎቁ ይነበባል፤ ንባቡ ለዲዛይነሩ ይላካል። ቁጥሩ በፎቅ ብዛት ልክ እየጨመረ ከሄደ አፈሩ እንደታሰበው እየሠራ ነው። ጭነት ሳይጨመር መስመጡ ከቀጠለ ግን ከፓይሉ ጫፍ በታች ሸክላ እየተጨመቀ ነው። በሚሌኒየም ታወር ጥገናው ወደ ዓለቱ በሚወርዱ 52 ፓይሎች ታስቦ ነበር፤ በ2021 ቁፋሮው ራሱ ሕንፃውን ይበልጥ ሲያሰምጠው ሥራው ለጊዜው ቆመ፣ የፓይሎቹ ቁጥር ወደ 18 ወረደ፣ በ2023 ተጠናቀቀ። ሥራው እንዲቆም ያደረገው የመስመጥ ልኬቱ ነው።